እትዬ ያሸተተችው

«እሷ እንደሆነች አመድ ብታስጠጋላትም ‹ግሩም ነው› ብላ ነው የምትመልስልህ» አለች ታናሿ፤ ሳቀችም። ባሏም ሳቀ።

ትልቋ እህት በዚያች ሰዓት ታጥበው የደረቁ ብልቃጦች የተደረደሩበት ትሪ ይዛ ከወጥ ቤቱ በር ውጭ ነበረች። በሩን በክርኗ ገፋ ልታደርገው ስትል ነው ቃሉ የደረሳት። ብልቃጦቹ እንዳይንቃጨሉ ትሪውን ደረቷ ላይ ደገፍ አድርጋ፣ በምትኖርበት ቤት እንደ ሌባ ትንፋሿን ዋጠች። ሳቃቸው ክፋት ቢኖርበት ይቀላት ነበር። የሳቁት ሰው ስለ አረጀ ውሻው ሲያወራ የሚስቀውን ሳቅ ነው፤ የቆየ፣ የተለመደ፣ ከሻይ ጋር የሚሄድ ሳቅ። ማለዳው ገና አልሞቀም፤ የኮሪደሩ ሲሚንቶ በነጠላ ጫማዋ ሥር ቀዘቀዛት። «ያውቃሉ» አለች በሆዷ። «ለካ ያውቃሉ!»

ነገሩ ባለፈው ክረምት የጀመረ ነው። ትኩሳት ጥሏት ሰንብታ ስትነሳ ሻይዋ ሙቅ ውሃ ሆኖ ጠበቃት። ጉንፋን ነው፣ ይለቀኛል አለች። ጉንፋኑ ሄደ፤ ሽታ ግን አልተመለሰም። ቅርንፉድ ስታኝክ ምላሷ ይደነዝዛል እንጂ ቅርንፉድነቱ የለም። ናናው ያቀዘቅዛታል፣ ዝንጅብሉ ያቃጥላታል፣ ከዚያ ወዲያ ሁሉም ገለባ ነው። ጨው ብቻ ጨው ሆኖ ቀረላት። ለሐኪም አልተናገረችም፤ ለእህቷም አልተናገረችም። እንዴት ብላ ትናገር? የቤቱ የፊት ክፍል ሱቅ ነው፤ ያለ ማዳበሪያ፣ ያለ መድኃኒት በቀለ የተባለ ቅጠል፣ ቅመምና ጨው ይሸጥበታል። በየብልቃጡ ላይ ከአረንጓዴ ቅጠል ሥዕል ሥር «እትዬ ያሸተተችው» ተብሎ ተጽፏል። እትዬ ማለት እሷ ናት። ታናሿ አፏን ከፈታች ጀምሮ እትዬ ስላለቻት ባልየውም፣ ልጃቸውም፣ ደንበኛውም እትዬ ይላታል፤ ሰፈርተኛው ሲቀልድ ደግሞ እትዬ አፍንጫ። የዘንድሮን ድንብላል ከአምናው ዓይኗን ታስራ ትለይ ነበር። ባልም ልጅም የላትም። እናታቸው ስትሞት ታናሿን አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ታናሿ ስታገባ ደግሞ አብራት መጥታ ከመጋዘኑ ጎን ያለችው ጠባብ ክፍል ተሰጠቻት። አፍንጫዋ ከሌለ እዚያ ቤት ምን ልትባል ትቀመጣለች?

ስለዚህ በዓይኗ፣ በጆሮዋና በጣቷ መኖር ተማረች። ቅጠሉን በመዳፏ ፈትጋ አፍንጫዋ ሥር ታስጠጋዋለች፤ የምታየው ግን መዳፏ ላይ የቀረውን ቀለም ነው። አዝሙድ ስትቆላ አንገቷን ወደ ድስቱ ዘንበል ታደርጋለች፤ ሲንጣጣ ሰምታ ታወርደዋለች። ወጥ ላይ ቅጠል የምትጨምረው ዱሮ በለመደችው ተራ ነው፤ የጥብስ ቅጠል ከመጀመሪያው፣ በሶብላ ድስቱ ሊወጣ ሲል። ጥርጣሬ ሲገባት ቀድማ «አንቺስ ምን ይልሻል?» ትላለች፤ ሰው ደግሞ ከእትዬ ጋር መስማማት ስለሚወድ «ኧረ ደስ ይላል!» ይላታል። አንድም ሰው የነቃባት አልመሰላትም ነበር።

ጎላ አድርጋ ሳለችና በሩን ገፋችው። ሳቁ እንደተዘጋ ቧንቧ ቀጥ አለ። ባልየው ስኳሩ የሟሟውን ሻይ እንደገና ማማሰል ጀመረ። ታናሿ ትሪውን ተቀበለቻትና «እትዬ፣ ዛሬ እንግዳ መኖሩን አልረሳሽም አይደል?» አለች። «የሱፐርማርኬቱ ሰውዬ ለምሳ ይመጣል። ዓሣው ተገዝቷል። ትኩስ በሶብላና የጥብስ ቅጠል ይዘሽልኝ ነይ፤ ደህና አድርገሽ አሽተሽ ምረጪ፣ እሺ?»

«አሽተሽ» ስትል ዓይኗ እንኳ አልተርገበገበም። ባልየው ወደ ብርጭቆው አጎነበሰ። እትዬ እህቷን አየቻት፤ የዚህችን ሴት ጥርስ ስትነቅል፣ ፀጉሯን ስትሠራ፣ ትምህርት ቤት ስታደርስ ኖራለች፤ ፊቷ ላይ የማታውቀው መስመር የለም ብላ ታስብ ነበር። «እሺ» አለች። ሰውዬው ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ሱፐርማርኬት የግዢ ኃላፊ ነው። ከወደደው የእነሱ ብልቃጥ በየቅርንጫፉ መደርደሪያ ይወጣል። ለእሱ ሲባል የሱቁ ግድግዳ ነጭ ተቀብቷል፤ ልጃቸው ከትምህርት ቀርታ አዲስ መለያ ወረቀት ስታትም ሰንብታለች፤ ሰው በሌለበት ሰዓት ሁሉ ቤቱ ውስጥ ስለሱ ነው የሚወራው።

ዘንቢሏን አንስታ በሱቁ በኩል ልትወጣ ስትል ከመንገዱ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ጠበቀቻት። አንገቷ ላይ የልብስ መለኪያ ሜትር፣ ደረቷ ላይ የተሰኩ መርፌዎች የማይለዩዋት ሴት ናት። ልጇን ሳል ይዟት ሌሊቱን አላስተኛቻትም። «እርድ ፈልጌ ነበር፣ በወተት አድርጌ ልሰጣት» አለች። «እርስዎ ካሉበት ብዬ ነው። ሌላ ቦታ ቀለም ይቀላቅላሉ ሲሉ ፈራሁ።» እትዬ ከመደርደሪያው አንድ ብልቃጥ አውርዳ ክዳኑን አዞረች፤ አፍንጫዋን አስጠጋች፤ ዓይኗን ጨፍና በረዥሙ ሳበች። የገባላት ባዶ አየር ነው። ዓይኗን ስትገልጥ ግን ቢጫው እንደ አበባ ደማቅ ነበር። «ጥሩ ነው፤ ትንሽ ብቻ ጣል አድርጊበት» አለቻት። ዋጋው ሌላው ቦታ ካለው እጥፍ ነው፤ ልብስ ሰፊዋ ግን ሳትከራከር ከፍላ ብልቃጡን እንደ ዕንቁላል በሁለት እጇ ይዛ ተሻገረች። እንዲህ ያለ ነገር ሲደጋገም እትዬን ቆርቁሯት አያውቅም ነበር፤ ያለሽታም ቢሆን የቤቱ ዕቃ ያው የቤቱ ዕቃ ነው ብላ ታምን ነበር። ዛሬ ግን ያ ከበሩ ጀርባ የሰማችው ሳቅ እስከ ገበያ ድረስ አብሯት ሄደ።

ገበያው ውስጥ የቅጠል ተራው መሬት ሁልጊዜ እርጥብ ነው። የምታውቃት የቅጠል ነጋዴ በሶብላውን፣ ናናውን፣ ጦስኙን እርጥብ ጆንያ ላይ ጎን ለጎን አስተኝታ ውሃ እየረጨች ነበር። እትዬን ስታይ እንደወትሮዋ ተነስታ አልሳመቻትም። ውሃውን አስቀመጠችና እጇን በሽርጧ እየጠረገች ትክ ብላ አየቻት።

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ምን በደልኩሽ?»

«ምን ሆንሽ ደግሞ?»

«ስንት ዘመን ቅርንፉዱን፣ ቁንዶ በርበሬውን፣ እርዱን ከኔ ስትወስጂ ኖረሽ፣ ክረምት ሲወጣ ቀጥ! ይኸው ቅጠል ብቻ ሆነ። እህትሽን ብጠይቃት ‹እትዬ አሽታ አልወደደችውም› አለችኝ፤ ያውም በነጋዴው ሁሉ ፊት። አንቺ አልወደድሽውም ከተባለ ማን ይገዛኛል? የልጆቼን ጉሮሮ ነው የዘጋሽው።»

እትዬ እንዲህ ያለ ነገር ከአፏ ወጥቶ እንደማያውቅ ልትናገር አፏን ከፈተችና ሌላ ነገር ወጣት። «ታዲያ አሁን ከማን ነው የምንገዛው?» አለች። ነጋዴዋ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ሞተ። «እኔን ትጠይቂኛለሽ? የእህትሽን ባል ከዘይት መጭመቂያው ፋብሪካ በር ላይ ጆንያ ሲጭን አዩት አሉኝ። የቅርንፉዱ ዘይት ተጨምቆ ገለባው ከሚጣልበት ቦታ። እኔም ‹ተዉ፣ እትዬ አፍንጫ ባለችበት ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይገባም› ብዬ ተከራከርኩልሽ፤ ሞኟ!» አለችና ጎንበስ ብላ ቅጠሉን ታስርላት ጀመር። የላይኛው እስር ትኩስ ነው፤ ከሥሩ የከተተችው ግን ትናንት ያደረ፣ ግንዱ መጥቆር የጀመረ ነበር። እትዬ በጣቷ ዳብሳ አወቀችው። ዋጋውን የትኩሱን ነው የጠራችባት። ከፈለችና ዘንቢሏን አንስታ ሄደች።

ቤት ስትደርስ ወጥ ቤት አልገባችም። ቀጥታ ወደ መጋዘኑ ሄደች። መጋዘኑን ያደራጀችው እሷ ናት። ብርሃንና ሙቀት የቅመም ጠላቶች ናቸው ብላ መስኮቱን ያስደፈነችው፣ ቅጠሉን በሲባጎ አስራ ቁልቁል የሰቀለችው፣ እርጥበት እንዳይገባው ጨው ውስጥ ጥቂት ፍሬ ሩዝ የጨመረችው፣ ያልተፈጨውን ከተፈጨው ለይታ የደረደረችው እሷ ናት። ከጀርባ፣ ከመደርደሪያው ሥር፣ ባልየው «ወገብዎን ይጎዳሉ፣ እነዚህን እኔ አነሳለሁ» ያላት ጆንያዎች አሉ። እንዴት ያለ አሳቢ አማች ነው ብላ መርቃው ነበር። የአንዱን ጆንያ አፍ ፈታችና አንድ ቅርንፉድ አውጥታ በአውራ ጣቷ ጥፍር ተጫነችው። ዘይት ያለው ቅርንፉድ ጥፍር ላይ ወዝ ይተዋል፤ ይሄኛው እንደ ክብሪት እንጨት ቀጭ ብሎ ተሰበረ። እፍኝ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ላይ በተነችው፤ ደህና ቢሆን ይሰምጥ፣ ወይም ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ይቆም ነበር፤ ሁሉም በጎኑ ተጋድሞ ተንሳፈፈ። ቁንዶ በርበሬውን በማንኪያ ጀርባ ደቆሰችው፤ ግማሹ የደረቀ የፓፓያ ፍሬ ነው። እርዱን ውሃ ውስጥ ጣል ስታደርገው ዱቄቱ ገና ሳይዘቅጥ ውሃው ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆነ። ከሁሉ ውዱ ሮዙ ጨው ነበር፤ በእርጥብ ጣቷ ስትነካው ሮዝነቱ ጣቷ ላይ ቀረ። ጣቷን ላሰችው። መራራ ነው። በምላሷ የቀረላት አንድ ነገር ጨው ነበር፤ እሱንም ነክተውታል።

ጆንያው ላይ ቁጭ አለች። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ እሷ እነሱን የምታታልል መስሏት በየሌሊቱ ስትጨነቅ ከርማለች። ዓይኑ የጠፋን ሰው እጁን ይዘው ያሻግሩታል፤ እሷን ግን ዕውር መሆኗን ሲያውቁ ምስክር አድርገው አቆሟት። ከዚያ ድንገት ቢጫው ውሃ ላይ ዓይኗ አረፈና ከተቀመጠችበት ዘላ ተነሳች፤ ነጠላ ጫማዋ ወልቆ ቀረ፤ በባዶ እግሯ መንገዱን ተሻገረች።

የልብስ ሰፊዋ ክፍል አንድ ብቻ ናት፤ መስፊያው፣ ካውያው፣ አልጋው፣ ምድጃው ሁሉም እዚያው ነው። ሕፃኗ የቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር ላይ ተቀምጣ በሁለት እጇ ኩባያ ይዛለች። ከከንፈሯ በላይ ቢጫ ጢም ወጥቶላታል።

«ያዣት! እንዳትጠጣው!» አለች እትዬ። «ቀለም ነው። አሁን ነው ያወቅኩት።»

ልብስ ሰፊዋ ኩባያውን ነጠቀቻትና ሕፃኗ አለቀሰች። «እንዴ፣ እትዬ! ጠዋት አሽተው አይደል እንዴ የሰጡኝ?»

«አላሸተትኩትም። ከክረምት ጀምሮ ምንም ነገር አይሸተኝም።»

ሴትዮዋ አልጮኸችም። የልጇን አፍ በቀሚሷ ጫፍ ቀስ ብላ ጠረገችና ቀና አለች። «ታዲያ» አለች፣ «ምን ልሁን ብለው ነው ዓይንዎን የጨፈኑት?»

ልብስ ሰፊዋ ልጇን አዝላ፣ ብልቃጡን አንስታ፣ አልፋት ወጣች። ሱቁ ስትደርስ ብልቃጡን ባንኮኒው ላይ ስታስቀምጠው ድምፁ እስከ መንገድ ተሰማ። እትዬ ከኋላዋ ቀስ እያለች ስትደርስ ታናሿ የሴትዮዋን ክንድ ይዛ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታወራ ነበር። «ምን ላድርግ ብለሽ ነው፤ እኛም ለሰው ልንናገር አፍረን እኮ ነው። ዕድሜ ነው። ጠዋት ያለችውን ከሰዓት ትረሳዋለች። ባለፈው ቤቱ ሊቃጠል ነበር። እባክሽ አትቀየሚያት፤ ገንዘብሽ ይኸው፤ ይቺን ማር ደግሞ ለልጅቷ።» ልብስ ሰፊዋ እትዬን ዞር ብላ አየቻት፤ ከባዶ እግሯ እስከ ተበተነው ፀጉሯ። ንዴቷ ቀስ እያለ ወደ ሐዘኔታ ሲዞር ይታይ ነበር። ሰው ተታለልኩ ብሎ ከሚያምን ሌላው አብዷል ብሎ ቢያምን ይቀለዋል። «ይማርዎት» አለቻት፣ ማሩን ተቀብላም ሄደች።

ሁለቱ ብቻቸውን ወጥ ቤት ገቡ። ታናሿ ዓሣው ፊት ቆማ ቢላውን አነሳች። ዓሣው በሁለቱ መካከል ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አለች እትዬ።

«ወተቱ ያረረ ቀን። ድስቱ ከስሎ ቤቱ ጢስ በጢስ ሲሆን፣ ጀርባሽን ሰጥተሽ ቁጭ ብለሽ ድንብላል ትለቅሚ ነበር። እኔ ከመንገድ ሸቶኝ እየሮጥኩ ስገባ ‹ምን ያስሮጥሻል?› አልሽኝ።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?» ቅርፊቱን በኃይል ፋቀችው። «ያን ቀን አለቀስኩልሽ፣ ስሚኝ። ማታውኑ ላነጋግርሽ ተነስቼ ነበር። እሱ ነው ‹ቆይ› ያለኝ። ‹ቆይ እስቲ እንያት› አለኝ። ከዚያ አንድ ጆንያ አመጣ፤ አሸተትሽው፤ ‹ግሩም ነው› አልሽ። ሸጥነው። እትዬ፣ አንድ ደንበኛ አልመለሰም! አንድ! ሰው የሚገዛው ቅርንፉድ አይደለም፤ አንቺን ነው የሚገዛው።»

«ሕፃን ልጅ ጠጥታዋለች እኮ።»

«ከረሜላ ውስጥም ያው ቀለም አለ። አልሞተችም።» ቢላውን አስቀምጣ እጇን ታጠበች። ከዚያ ቀረብ ብላ ከእትዬ ትከሻ ላይ የተጣበቀ የጆንያ ክር አነሳችላት። «ዛሬ ብቻ አፍሽን ያዢልኝ። ይሄ ሰውዬ ከሄደብኝ ሱቁም የለም፤ ያቺ ክፍልሽም ለዕቃ ትፈለጋለች። ይህን ስልሽ ደስ ብሎኝ እንዳይመስልሽ።»

ከዚያ ወደ ምግቡ ዞሩ። አብረው ሲያበስሉ ስለኖሩ ቃል አያስፈልጋቸውም፤ አንዷ እጇን ስትዘረጋ ሌላዋ ማንኪያውን ታቀብላለች፤ አንዷ ክዳኑን ስትከፍት ሌላዋ እሳቱን ትቀንሳለች። እትዬ የጠቆረውን ቅጠል ለይታ ጣለችና ደህናውን ከተፈች፤ የዓሣውን ሆድ በጥብስ ቅጠልና በነጭ ሽንኩርት ሞላች፤ ጨውን ከመደርደሪያው ሳይሆን ክፍሏ ውስጥ ካስቀመጠችው ንጹሕ ጨው አምጥታ ነሰነሰችበት። ለምሳው የተጣደው ሩዝ በራሱ እንፋሎት በሰለ። የታናሿ ልጅ ገብታ በትንፋሿ ሳበችና «ኡህ! ሽታው እኮ ሰው ይገድላል!» አለች፤ ወዲያው ግን እናቷን አይታ አፏን ያዘች። እሷም ታውቃለች።

እንግዳው ቀጭን፣ ትሑት፣ ሸሚዙ በካውያ ስለት ያወጣ ሰው ነበር። ጫማውን በር ላይ በደንብ ጠርጎ ገባ፤ የተሰጠውን ሁሉ አመሰገነ፤ የዓሣውን አጥንት በሹካ ጫፍ እየለቀመ ከሳህኑ ዳር እንደ ጣት ቀለበት አዙሮ ደረደረው። ባልየው ስለ ገበሬው አወራ፣ ስለ አፈሩ አወራ፣ መድኃኒት ስላልነካው ማሳ አወራ። እንግዳው ራሱን ይነቀንቃል። በመጨረሻ አፉን በናፕኪን ጠረገና ወደ እትዬ ዞረ።

«የብልቃጧ እትዬ እርስዎ ኖት አሉ! እስቲ፣ እማማ፣ አንዷን ያሽትቱልኝና የሚሉትን ልስማ።»

ባልየው ቅርንፉዱን አመጣ። ታናሿ ሳህን መሰብሰብ ጀምራ ተወችው። እትዬ ብልቃጡን ከፈተች። ወደ አፍንጫዋ አላስጠጋችውም፤ ሳህኑ ላይ ዘረገፈችው።

«አይሸተኝም» አለች።

«ቀልደኛ ናት!» አለች ታናሿ እየሳቀች።

«ከክረምት ጀምሮ አይሸተኝም። ይሄ ዘይቱ የተጨመቀ ገለባ ነው።» አንዱን በጥፍሯ ሰብራ አሳየችው። «ቁንዶ በርበሬው ፓፓያ አለበት። እርዱ ቀለም ነው። ሮዙ ጨው የተነከረ ነው። ስሜን ነው የምትገዙት፣ ስሜ ደግሞ ባዶ ነው።» ባልየው ከወንበሩ ተነሳ፣ ተቀመጠ። ታናሿ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ልጅቷ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።

እንግዳው እስከ መጨረሻው አዳመጣት፤ አላቋረጣትም። ከሳህኑ ላይ አንድ ቅርንፉድ አንስቶ እሱም በጥፍሩ ሰበረ፤ ትንሽ ፈገግ አለ። «አመሰግናለሁ፣ እማማ» አለ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስገዛ የኖርኩ ሰው ነኝ። መደርደሪያችን ላይ ካለው ውስጥ ስንቱ የተጻፈበትን እንደሆነ ብነግርዎ ምሳዎን አይበሉም ነበር።» ከዚያ ወደ ባልየው ዞረ፤ ድምፁ አልተለወጠም። «እርዱን ብቻ ተዉት፤ ቀለም ላቦራቶሪ ያገኘዋል። ጨውንም ነጩን አድርጉት። ቅርንፉዱ ግድ የለም፤ ገለባ ሰው አይገድልም። ዋጋው ግን እንግዲህ እንደነገራችሁኝ አይሆንም፣ እኚህ እናት ረድተውኛል። በግማሹ እንነጋገር።» ባልየው ተንፍሶ ሳቀ፣ ፊቱ እንደገና ደም አገኘ። ከዚያ ስለ ዋጋው ብቻ ነው የተወራው፤ እትዬን የሚያያት አልነበረም። ሲስማሙ እንግዳው አንድ ነገር ጨመረ፦ «ጽሑፉ ብቻውን አይበቃም። ፊታቸው ብልቃጡ ላይ ይሁን፣ እያሸተቱ። ምን ዓይነት ፊት ነው ያላቸው! አሁን ሲናገሩ እኔ ራሴ አመንኳቸው። ፎቶውን ዛሬ ይዤ ብሄድ ነው የምወደው።»

«ፎቶ አልነሳም» አለች እትዬ። ተነስታም ወደ ክፍሏ ገባች፣ በሩንም ዘጋችው።

ማንም አልተከራከራትም። ትንሽ ቆይቶ ባልየው በሩን አንኳኳ፤ «እትዬ፣ ይቅርታ፣ አንዴ ያሳልፉኝ» አለ። አልተቆጣም፤ እንዲያውም ከወትሮው ይልቅ ትሑት ነበር። ትከሻው ላይ የቅርንፉድ ጆንያ ነበረ። ከአልጋዋ ራስጌ ግድግዳውን አስደግፎ አስቀመጠው። ሄዶ ሌላ አመጣ። ሦስተኛው ቦታ ሲያጣ «ይፈቅዱልኛል?» ብሎ ፍራሹን ጠቅልሎ ኮሪደሩ ላይ አቆመው። ከዚያ የአልጋውን ብሎን መፍታት ጀመረ። እትዬ ጥግ ላይ ቆማ ታየዋለች። ፍራሿ ግድግዳ ተደግፎ ሲቆም መሐሉ ላይ የእሷ ጎን የሠራው ጉድጓድ ታየ፤ እንግዳው ሻይውን ይዞ በኮሪደሩ ሲያልፍ ለጨዋነት ብሎ ዓይኑን ወደ ሌላ አዞረ። ታናሿ መጣች። ትራሱ መሬት ወድቆ ነበር፤ አንስታ አራገፈችውና፣ ለስላሳ በሆነ እጅ፣ እትዬ ደረት ላይ አስታቀፈቻት። ሁለቱም ተያዩ። እትዬ ‹እንዲህ አታድርጉብኝ› የምትላት ቃል ፈለገች፤ እህቷን ሕፃን ሳለች ስትቀጣት የምትጠቀምበት አንድ ቃል ነበራት፤ እሱም ጠፋባት።

ግቢው ውስጥ ልጅቷ ነጭ አንሶላ ገመድ ላይ አስጥታ፣ በርጩማ አስቀምጣ ትጠብቃለች። «እትዬ፣ ብርሃኑ ሳይሄድብኝ!» ብላ ተጣራች።

እትዬ ትራሱን ባዶው አልጋ ላይ አስቀመጠችና «ሻርፔን አቀብዪኝ» አለቻት እህቷን።

በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ብልቃጡ በእጇ ተሰጣት። ልጅቷ ፀጉሯን ከግንባሯ መለሰችላት፣ አገጯን በጣቷ ቀና አደረገችላት። «ዓይንሽን ጨፍኚ። አዎ... እንደዚያ ግን አይደለም፤ እንደተኛ ሰው ሆነሻል። እንደሚሸትሽ አድርጊ።» እትዬ ሞከረች። ዕድሜዋን ሙሉ ያንን ፊት ስታሳይ ኖራለች፤ አሁን ግን የት ጅማት እንደሚሳብ፣ ቅንድብ እንዴት እንደሚነሳ አልታወቅ አላት። ምን ነበር የሚሸተኝ ብላ ወደ ኋላ ሄደች። እናታቸው የሞተች ሰሞን ታናሿ ጡት ፍለጋ ደረቷን ስትዳብስ፣ የሕፃኗ አናት ላይ አፍንጫዋን ደፍታ ታስተኛት ነበር። ያን ጊዜ አንድ ሽታ ነበረ። ምን ዓይነት እንደነበረ አልመጣላትም፤ እንደነበረ ብቻ ነው የመጣላት። ወደዚያ አጎነበሰች፣ ሳበችም።

«በቃ! እንዳትነቃነቂ!» አለች ልጅቷ። እንግዳው ከደጃፉ ላይ «ይኸው!» አለ። ታናሿ በሩን ተደግፋ ቆማ ነበር፤ ዞር ብላ ገባች። ከውስጥ የአልጋው ብረት እንደገና ሲገጣጠም፣ ብሎኑ ሲጠብቅ ይሰማል።

ልጅቷ ስልኩን አመጣችላት። «እይው እስቲ እንዴት እንዳማረብሽ!» እትዬ ፀሐዩን በእጇ ከልላ አየችው። ብልቃጡ ውስጥ የገባው ብርሃን ፊቷን ከታች ወደ ላይ አብርቶታል፤ ከንፈሯ ትንሽ ተከፍቷል፤ ዓይኖቿ ተጨፍነዋል። ያቺ ሴትዮ የምር እያሸተተች ነበር። የሚጠራጠራት ሰው አይኖርም። እትዬ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አስኬደች፣ የሷ ፊት መሆኑን እንደሚፈትሽ ሰው።

«እኔም ብሆን እገዛው ነበር» አለች።